ዘር፣ ብርድና እውነት፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት

የዘር ፍሬ በእጅ ሲያዝ እንደ ጠጠር የደረቀና ሕይወት የሌለው ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በውስጡ የተኛ ሽል አለ። ይህ ሽል መቼ እንደሚነቃ፣ መቼም እንቅልፉን እንደሚቀጥል ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኞቹ እርጥበትና የሙቀት መጠን ናቸው። ገበሬ ይህን በልምድ ያውቀዋል፤ ሳይንስ ግን በመለኪያ አረጋግጦ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ፣ ብርድ በዘር ላይ የሚያደርገው ሥራ የላቦራቶሪ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአንድ ታላቅ መንግሥት የእርሻ መመሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም በዘመኑ ከነበሩት የዕፀዋት ሊቃውንት በእጅጉ የገነነውን ሰው ሕይወት በላ። ያ ሰው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው።

የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ የመለኪያ፣ የስሌትና የግንባታ ሰዎች እንጂ የእርሻ ሰዎች አይደሉም። ቢሆንም የዚህ ሰው ታሪክ ለሙያችን እንግዳ አይደለም። የታሪኩ እምብርት ሙከራ በምን ዓይነት መንገድ ቢካሄድ እንደሚታመን፣ የሙከራው ውጤት የአለቃን ፍላጎት ሲቃወም ደግሞ ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠይቅ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንወዳለን።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። በ1891 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ በኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ለመሆን በቅቷል። ኒኮላይ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ የቮልጋን ወንዝ አካባቢ ብርቱ ረሀብ መታው፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። በዚያ ዘመን ላደገ ሩሲያዊ ወጣት የእህል ጉዳይ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። እርሱም የአባቱን ንግድ ትቶ በሞስኮ የእርሻ ተቋም ገባ። ከተመረቀም በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ጄኔቲክስ የሚባለውን አዲሱን የዘር ውርስ ሳይንስ ከመሥራቾቹ አንዱ ከሆነው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ።

በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፋርስ ተላከ። በዚያ የነበሩ የሩሲያ ወታደሮች ከአገሩ እንጀራ በልተው ራሳቸውን እያዞራቸው ይወድቁ ነበር። ቫቪሎቭ ስንዴውን ሲመረምር እንክርዳድ የተቀላቀለበትና ፈንገስ ያጠቃው ሆኖ አገኘው። የእኛም አገር ገበሬ እንክርዳድ ያለበት እህል ሰውን እንደሚያሰክር አሳምሮ ስለሚያውቅ ይህ ግኝት አያስገርመውም። ለወጣቱ ሊቅ ግን ጉዞው ሌላ ትምህርት ሰጠው። በተራራ ላይ ከፍ እያለ ሲሄድ የሰብሉ ዓይነት ከአየሩ ጠባይ ጋር እየተለዋወጠ መሄዱን ተመለከተ። የሰው ልጅ የሚመገባቸው ስንዴ፣ ገብስና አጃ ጥንት በሣር ምድር ላይ ከሚበቅሉ የዱር ዘመዶቻቸው የወጡ ሣሮች ናቸው። ስለዚህ የትውልድ አገራቸውን ብርድና ሙቀት በጠባያቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ የሚለው ሐሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአእምሮው ተተከለ።

በ1917 በሳራቶቭ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1920 ተቀራራቢ የሆኑ የዕፀዋት ዝርያዎች በተመሳሳይ ረድፍ የሚለዋወጡ መሆናቸውን የሚገልጸውን ሕግ ለጉባኤ አቀረበ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፔትሮግራድ ሄዶ የተግባራዊ ዕፀዋት ጥናት ቢሮን መምራት ጀመረ። ቢሮው በኋላ የመላው ሶቪየት ኅብረት የዕፀዋት ተቋም ለመሆን በቅቷል። ያ ዓመት በቮልጋ አካባቢ ሌላ ታላቅ ረሀብ የደረሰበት ዓመት ነበር። የቫቪሎቭ ዕቅድ ግልጽ ነበር፤ የዓለምን የሰብል ዘር ሁሉ ከየትውልድ ቦታው ሰብስቦ፣ ድርቅን፣ ብርድንና በሽታን የሚችለውን ከመካከሉ መምረጥ።

ለዚህም ሲል በአምስት አህጉራት ተዘዋውሯል። በ1924 አፍጋኒስታንን ዞረ። በ1926 የሰብል ዕፀዋት መነሻ ማዕከላት በሚባለው ሥራው፣ የሰብል ዓይነት በዓለም ላይ እኩል እንዳልተሰራጨ፣ ይልቁንም በጥቂት ተራራማ አገሮች ተከማችቶ እንደሚገኝ አስረዳ።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል መጥቶ በምድር ባቡር አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም ተቀብለው አነጋገሩት፤ በአገሩ ውስጥ ለመዘዋወርም ፈቃድ አገኘ። ከዚያም የበቅሎ ጓዝ አሰናድቶ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በ1927 የጸደይ ወራት ኤርትራ ደረሰ። በየማሳውና በየገበያው እየቆመ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘር ሰበሰበ። በሌላ አገር እምብዛም የማይታየውን ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ በብዛት ያየው በዚህ ምድር ነው።

ኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለ ጥናት የተመቸችበትን ምክንያት ለመረዳት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉትን ቃሎቻችንን ማስታወስ ይበቃል። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለት ቀን የበቅሎ መንገድ በአውሮፓ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኘውን የአየር ልዩነት ማየት ይቻላል። ገበሬውም ለየከፍታው የሚስማማውን ዘር በብዙ ትውልድ መርጦ አቆይቶታል። ከቫቪሎቭ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ኢትዮጵያ የስንዴ የመጀመሪያ መነሻ ሳትሆን ብዝኀ ዝርያው የተስፋፋባት ሁለተኛ ማዕከል ናት ብለው ሐሳቡን አርመውታል፤ የሀብቱን ታላቅነት ግን ማንም አልካደም።

ዘር መሰብሰብ ከሥራው ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ የተሰበሰበው ዘር በየትኛው ሙቀት እንደሚበቅል፣ በየትኛው እንደሚያፈራ ማወቅ ነው። ቫቪሎቭ ከ1923 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ያካሄደው ታላቅ ሙከራ ለዚህ የታሰበ ነበር። አንድ ዓይነት ዘሮች ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ጀምሮ እስከ መካከለኛው እስያ በረሃ ጠርዝ ድረስ በተበታተኑ በርካታ ጣቢያዎች ተዘሩ። በየጣቢያውም የሚበቅሉበት፣ የሚያብቡበትና የሚደርሱበት ቀን ተመዘገበ። ዘሩ አንድ ሆኖ ቦታው ብቻ ስለሚለያይ፣ የታየው ልዩነት ከአየርና ከአፈር የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል። አንዱን ነገር አጽንቶ ሌላውን መለዋወጥ በእኛም ሙያ የፍተሻ ሁሉ መሠረት ነው።

ታሪኩን ለመከታተል ሙቀት በዘር ላይ የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሥራ የመብቀልን ፍጥነት መወሰን ነው። ጀርመናዊው ዩሊየስ ሳክስ በ1860 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ዘር የሚበቅልበት ዝቅተኛ፣ የተሻለና ከፍተኛ የሙቀት መጠን አለው። ስንዴ በዜሮ አቅራቢያ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ወደ 40 ሲጠጋ መብቀሉን ያቆማል።

ሁለተኛው ሥራ እንቅልፍን መስበር ነው። ብርቱ የበረዶ ወራት ባለበት አገር ብዙዎቹ የሣር ምድር ዕፀዋት ዘራቸው እንደረገፈ ወዲያው አይበቅልም። እርጥብ ሆኖ የብርዱን ወራት ካሳለፈ በኋላ ይነቃል፤ በዚህም ገና ለጋ ሳለ በውርጭ ከመቃጠል ይድናል። ሌሎች ደግሞ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነትን ይጠብቃሉ። በሣር የተሸፈነ አፈር ቀንም ሌሊትም ተቀራራቢ ሙቀት ሲኖረው፣ የተራቆተ አፈር ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ትንሹ ዘር ይህን መለዋወጥ ሲያገኝ በላዩ የሚያጠላበት ሣር አለመኖሩን እንዳወቀ ሁሉ ይበቅላል።

ሦስተኛው ሥራ ከመብቀል ጋር ሳይሆን ከማበብ ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ በመከር ወራት ተዘርቶ በበረዶ ሥር የሚከርም ስንዴ አለ። ይህ ስንዴ ብርዱን ሳያገኝ በጸደይ ቢዘራ ይበቅላል፣ ቅጠልም ያወጣል፤ ነገር ግን ዛላ አያወጣም፣ ቢያወጣም እጅግ ይዘገያል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ጋስነር በ1918 እንዳስረዳው፣ እርጥበት አግኝቶ መንቃት የጀመረውን ዘር ለሳምንታት በብርድ ቢያቆዩት በጸደይ ተዘርቶም ያፈራል። ደረቅ ዘር ግን ብርዱን እንደ ምልክት አይቀበለውም። የኋላው ውዝግብ ሁሉ የተነሣው እነዚህን ሥራዎች ካለመለየት፣ አንዱን እውነት ከልኩ በላይ ከመለጠጥ ነው።

በ1929 ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ከዩክሬን የገበሬ ቤተሰብ የወጣ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ብቅ አለ። የክረመ ስንዴ ዘርን አርጥቦ በብርድ በማቆየት፣ አባቱም በጸደይ ዘርቶት አፈራ ተባለ። ዘዴውን ያሮቪዛትሲያ አለው፤ በሌላው ዓለም ቬርናሊዜሽን የተባለው ነው። ክስተቱ በራሱ እውነት ነበር። ቫቪሎቭም መጀመሪያ ሊሴንኮን ደገፈው፤ በ1932 በአሜሪካ በኢታካ በተደረገው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ላይ ሥራውን አመስግኖ አቅርቧል። ከሩቅ አገር የመጡ ዘግይተው የሚያብቡ ዝርያዎችን በዚህ ዘዴ በሌኒንግራድ እንዲያፈሩ ማድረግ ከተቻለ ለማዳቀል ሥራው ትልቅ ጥቅም ነበረውና። ለጋ ባለሙያን ማበረታታቱም የቫቪሎቭ ልማድ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእርሻ ማኅበራት በግዳጅ ከተቋቋሙ በኋላ ምርት ወድቆ፣ በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖችን የፈጀ ረሀብ ደረሰ። መንግሥት ፈጣን መፍትሔ ይሻ ነበር። በ1931 የወጣው ውሳኔ ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈጀው የአዲስ ዝርያ ማውጣት ሥራ በአራትና በአምስት ዓመት እንዲጠናቀቅ አዘዘ። ቫቪሎቭ ሥራው ጊዜ እንደሚፈልግ ሲያስረዳ፣ ሊሴንኮ ግን ከታዘዘውም ባጠረ ጊዜ አደርሳለሁ አለ። ያሮቪዛትሲያንም ብርድ ለማያስፈልገው ለጸደይ ስንዴ ጭምር የምርት መጨመሪያ አድርጎ አቀረበው።

በየእርሻ ማኅበሩ ጎተራ ውስጥ ገበሬዎች ዘር እያራሱ በአካፋ ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ዘዴው የሙቀቱና የእርጥበቱ መጠን ለቀናት እኩል እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ ጎተራው ግን ማቀዝቀዣም በቂ መለኪያም አልነበረውም። ሙቀቱ ከፍ ሲል ዘሩ ያለ ጊዜው ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ እርጥቡ ዘር ይሞታል። ያበጠው ፍሬም በመዝሪያ መሣሪያ ውስጥ እንደ ደረቁ አይፈስም። ውጤቱ የተሰበሰበው ለእርሻ ማኅበራቱ በሚላክ መጠይቅ ነበር። ተነጻጻሪ መደብ አልነበረም፤ ሲኖርም በአግባቡ አልተያዘም። መልሱን የሚሞላው ሰው ደግሞ ዕቅዱ ተሳካ ብሎ ቢጽፍ የሚመሰገን፣ አልተሳካም ብሎ ቢጽፍ በአጥፊነት የሚጠረጠር ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ የተገኘ ቁጥር የአፈሩን ሳይሆን የፍርሃቱን መጠን ይለካል። ፕዮትር ኮንስታንቲኖቭ የተባለው ሊቅ በብዙ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት በተነጻጻሪ መደብ የተደረጉ ሙከራዎችን አቀናብሮ፣ ጥቅሙ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን በአደባባይ ቢያሳይም ሰሚ አላገኘም።

ሊሴንኮ በዚህ አልቆመም። ብርድ የስንዴውን ጠባይ ለውጦ ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል፤ ጄኔቲክስ የሚለው ሁሉ ሐሰት ነው እስከ ማለት ደረሰ። በ1935 በክሬምሊን በተደረገ ጉባኤ ስታሊን ራሱ በይፋ አወደሰው። ቫቪሎቭ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በትዕግሥት ሊያስማማ ይሞክር ነበር። ከ1936 በኋላ ግን ጉዳዩ የሰው ሳይሆን የእውነት መሆኑን ተረድቶ በግልጽ ተቃወመ። እርሱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረበትን የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ በ1938 ሊሴንኮ ያዘው። በ1939 በኤደንብራ ለተደረገው የጄኔቲክስ ጉባኤ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም ከአገር እንዲወጣ አልተፈቀደለትም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ታሰሩ። እርሱ ግን ቃሉን ለውጦ ወንበሩን ማትረፍ አልፈለገም።

በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ ተይዞ ታሰረ። ከብዙ ወራት ምርመራ በኋላ በሐምሌ 1941 በሞት እንዲቀጣ ተፈረደበት። በኋላ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። ነገር ግን በጥር 26 ቀን 1943 አንድ ጊዜ መምህር በነበረባት በሳራቶቭ ከተማ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ። ረሀብን ከዓለም ለማጥፋት ዕድሜውን የሰጠ ሰው በረሀብ አለፈ።

በዚሁ ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። ተቋሙ ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የዘር ናሙና ተከማችቶ ነበር። በ1941 እና በ1942 የብርድ ወራት ሕንፃው ማሞቂያም መብራትም አልነበረውም። ደረቅ ዘር ብርዱን ይችለዋል፤ የድንች ሥር ግን ውኃ ስለሚበዛበት ከዜሮ በታች ሲወርድ ይሞታል። ስለዚህ የቫቪሎቭ ባልደረቦች እንጨት ከየፍርስራሹ እየለቀሙ ድንቹ የተቀመጠበትን ምድር ቤት ብቻ ያሞቁ ነበር፤ ራሳቸው በብርድ እየተንቀጠቀጡ። ሩዝ፣ ለውዝና አጃ በእጃቸው ላይ እያለ በርካታ ሠራተኞች በረሀብ ሞቱ። ከእነርሱም መካከል የሩዝ ክምችት ኃላፊው ድሚትሪ ኢቫኖቭ ይገኛል። የመሪያቸውን ዕጣ በውል አያውቁም ነበር፤ ያስተማራቸውን ግን ያውቁ ነበር።

ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነጻ ተባለ። ተቋሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሊሴንኮ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሥልጣኑን ይዞ ቆየ፤ በዚህም አገሩ በዘር ውርስ ሳይንስ ከዓለም ወደ ኋላ ቀረች። የብርዱ ጥያቄ ግን በመጨረሻ መልስ አግኝቷል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ብርድ ለሳምንታት ሲቆይ ቀስ በቀስ ሥራውን የሚጀምር፣ ለማበብም መንገድ የሚከፍት ዘረ መል እንዳለ ዛሬ ታውቋል። ይህ ለውጥ ለልጅ አይተላለፍም፤ አዲሱ ዘር ብርዱን እንደገና ከመጀመሪያው መቀበል አለበት። ጋስነር ያየው እውነት ጸንቷል፤ ሊሴንኮ የጨመረበት ወድቋል።

የቫቪሎቭ ሐሳብም በየአገሩ ሥር ሰድዷል። ዘርን አድርቆ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማቆየት ዛሬ የዓለም የዘር ባንኮች መመዘኛ ነው፤ በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴት የተከፈተው ጎተራም የሚሠራው በዚሁ ነው። በኢትዮጵያም በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቁሟል፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ ይህ ማዕከል ነው። ቫቪሎቭ በበቅሎ ተጉዞ ከየገበያው የሰበሰበው ዓይነት ሀብት በአገሩ ልጆች እጅ፣ በአገሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲጠበቅ ሆነ። በገበሬውም ማሳ ላይ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው የደከሙበት ሥራ በዓለም የታወቀ ነው።

ከዚህ ሕይወት ለሙያችን የሚቀረውን ስናስብ፣ ጉዳዩ የጀግንነት ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሊሴንኮ የተነሣው ከፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ ከእውነተኛ ክስተት ተነሥቶ ነው ወደ ጥፋት የሄደው። በየሥራ ቦታችን የሚገጥመን አደጋም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት የተሳካ ዘዴ ያለ በቂ ፍተሻ ወደ ሁሉ ቦታ ይወሰዳል፤ ዘገባውም የሚጠናቀረው ውጤቱን በጉጉት ለሚጠብቅ አለቃ ነው። በዚያን ጊዜ ተነጻጻሪው መደብ የት እንዳለ መጠየቅ፣ የተለካውን እንደተለካ መጻፍ፣ ጊዜ የሚፈልገውን ሥራ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ መናገር የባለሙያ ግዴታ ነው። ቫቪሎቭ ይህን ግዴታ በሕይወቱ ከፍሏል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ዘሩ በበኩሉ ለሥልጣን አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው በአፈሩ ውስጥ ላገኘው እርጥበትና ሙቀት ነው።